ከሥር ያልታጠበ መኪና



መስቀል አልፏል፤ አደይ አበባው ጠውልጓል፤ ደብረ ታቦር ላይም ፀሐይ እንደ ልቧ መውጣት ጀምራለች። በየግቢው ፍራሹ፣ ጋቢው፣ ምንጣፉ ሁሉ ወጥቶ ተሰጥቷል። ክረምቱን ሙሉ ጭስና እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ቤት የሚተነፍሰው በዚህ ሰሞን ነው። መኪና ያለው መኪናውን፣ ባጃጅ ያለውም ባጃጁን ያጥባል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚሁ እጥበት ነው። “ነርስ ስለ መኪና እጥበት ምን አገባት?” የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከእኔው ሙያ ይገባል።

ወሬውን ያስጀመረኝ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ላይ ደውሎ ከኋላው የውሃ ድምፅ ስሰማ “ምን እየሠራህ ነው?” አልኩት።

“መኪና እያጠብኩ ነው አክስቴ፤ ክረምቱ ሲወጣ ጨዉን ማስለቀቅ አለብኝ።”

“የምን ጨው?”

እዚያ አገር በረዶ ሲጥል በከባድ መኪና ጨው እየተጫነ መንገዱ ላይ ይበተናል አለኝ። ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፤ ጨው የገባበት ውሃ ግን ከዚያ በታች ካልቀዘቀዘ አይረጋም። ስለዚህ በረዶው ይቀልጥና መንገዱ አያንሸራትትም። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ጨዋማ ውሃ ከጎማው እየተፈናጠረ የመኪናውን ሆድ ያለብሰዋል። ብረት ለመዛግ ውሃና አየር ይበቃዋል፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ዝገቱ ይጣደፋል። ስለዚህ እነሱ ክረምቱ ሲወጣ መኪናቸውን ከሥር ወደ ላይ በሚረጭ ውሃ ያሳጥቡታል።

እኔ የገረመኝ ጨዉ ነው። በእኛ አገር አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ ከአፋር ሜዳ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ ድረስ ይወጣ ነበር። እናቴ በሕይወት ኖራ “ጨው መንገድ ላይ ይደፋል” ቢሏት ኖሮ ምን ያህል እንደምታማትብ አሰብኩና ሳቅሁ።

“እኛስ ተመስገን፣ ይኼ ሁሉ ጣጣ የለብንም” አልኩት።

“አይናቁት አክስቴ” አለኝ። “የእናንተ ጨው ጭቃችሁ ነው።”

ሳቄ እዚያው ቆመ። ምክንያቱም ይህን ትምህርት ከዓመታት በፊት በራሴ መኪና ተምሬው ነበር፤ ለእሱ ግን ነግሬው አላውቅም።

ያለችኝ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ናት። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ይገባ ነበር። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔም “ማን ያይልሃል ብለህ ነው ሆዷን የምታጥበው?” እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ በእኔ እጅ ስትገባ እኔ የማጥበው የሚታየውን ነው፤ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን። መኪናዋ ከላይ እንደ መስታወት ታበራ ነበር።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ለዓመታዊው ምርመራ ከመቅረቧ በፊት እንድትታይ ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ፎሳው ላይ አቁሟት ገባና በካቻቢቴ ጫር ጫር ማድረግ ጀመረ። ከፓራፋንጎው ውስጥና ከሻንሲው ጎን የወረደውን ጭቃ ብታዩት የአንድ መደብ ልስን ይወጣዋል። ቀዩ የከተማችን ጭቃ አለበት፣ ጥቁሩ የፎገራ ዋልካ አለበት፤ የሦስት ክረምት ጭቃ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ተቀምጧል። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ኅዳር ገብቶ እንኳ ርጥብ ነበር።

“ሲስተር፣ እስኪ ይችን ይዩዋት” አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ እርሳስ የቀጠነች የብረት ቧንቧ ናት፤ ጭቃው የተኛባት ቦታ ላይ ተላልጣ፣ ቀልታ፣ እንደ ዛፍ ልጣጭ ሆናለች። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጋት ጠብታ ወጣባት።

“ይህች የፍሬን ዘይት የምትወስደው ናት። በቅርቡ ቁልቁለት ወርደዋል?”

ከሁለት ቀን በፊት ሁለት የልጅ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ወረታ ወርጄ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ወረታ ከ1,800 ሜትር ብዙም አትበልጥም። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በዓለም በር በኩል በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው የምንወርደው። የፍሬን ፔዳል ስንረግጥ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በእነዚያ ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ቧንቧው ከተበሳ ዘይቱ ይፈስሳል፤ እግራችን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢያደርሰውም መኪናው ላይቆም ይችላል። መካኒኩ ይህን ሲነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ጋራዡ ውስጥ የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። የባለቤቴ ካፖርትም ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ የምለው ይህን ነው። ቁስል ላይ ርጥብ ፋሻ አስራችሁ ሳትቀይሩ ብትተዉት ሥጋው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጭቃም ለብረት እንደዚሁ ነው። ዝናብ ዘንቦ ቢያልፍ ብረቱን ነፋስ ያደርቀዋል፤ ጭቃ ከተለጠፈበት ግን ውሃውን አቅፎ ለወራት ያቆየዋል። ላዩ ስለ ደረቀ ውስጡ የደረቀ ይመስለናል እንጂ አይደርቅም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ኖሮ ስለ መኪና ብቻ ያወራሁ ነበር። ግን ከአንዱ ጥፋት ወደ ሌላ ጥፋት ሄድኩ፤ ለመናገር የሚከብደኝም ይህኛው ነው።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ካለ የዘመድ ቤት ለተዝካር ወረድኩ። መኪናዋን በደንብ ከሥር ማሳጠብ አለብኝ ብዬ ቆርጫለሁ፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል። በአካባቢው ረጋ ብሎ የሚፈስ ወንዝ አለ። አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም እዚያ ነው የሚታጠበው። ውሃው እስከ ጎማው ግማሽ እስኪደርስ መኪናውን ያስገቡታል፤ ልጆች ይረባረቡበታል። እኔም አስገባሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው የዘመዶቼ ጎረቤት ልጅ “እኔ አጥብልዎታለሁ ሲስተር” አለኝ። “ከሥሯ በደንብ አድርገህ” አልኩት። እኔ ዋርካ ጥላ ሥር ቡና ስጠጣ እሱ ከአንድ ሰዓት በላይ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ አንዳንዴም በጀርባው ተንጋልሎ ጭቃውን በእጁ ሲፍቅ ቆየ። ሲጨርስ እየተንቀጠቀጠ መጣና ብሩን ተቀበለኝ። ከዚያ ክንዱን እያከከ “ይበላኛል” አለ።

ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቢልሃርዚያ በምን እንደሚተላለፍ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያችን ለመጡ እናቶች ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቢልሃርዚያ በትል የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙ የወጣለት በ1851 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ትሉን ባገኘው ጀርመናዊ ሐኪም በቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በእኛ አካባቢ የሚገኘው ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ መንካቱ ይበቃል። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ደጋ ብርዱ ለቀንድ አውጣው እምብዛም አይመቸውም፤ ጣና ዙሪያና ፎገራ ሜዳ ላይ ግን በሽታው የታወቀ ነው። ያመመው ልጅ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ደም የቀላቀለ ያስቀምጠዋል፣ ይደክመዋል፣ ከትምህርቱም ይዘገያል። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ጉበትና ጣፊያው ያብጣል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ ደም እስከ ማስመለስም ይደርሳል።

ያን ቀን ልጁን እጁን ይዤ ወደ እናቱ ሄድኩ። “ውሃው ምን ያደርገዋል ሲስተር፤ ያደገበት እኮ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሲዋኝበትም ከብት ሲያጠጣበትም ነው ያደገው። ወዲያው መመርመሩ ግን ጥቅም አልነበረውም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል፤ መድኃኒቱም ላልደረሰው ትል እምብዛም አይሠራም። ሁለት ወር ቆጥሬ ተመልሼ ወረድኩና እሱንም ሁለት ወንድሞቹንም አስመረመርኳቸው። ሦስቱም ዓይነ ምድር ላይ እንቁላሉ ተገኘ። ፕራዚኳንቴል ተሰጣቸው፤ በኪሎ ተመዝኖ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ዳኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጁን በሽታው የያዘው በእኔ መኪና ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወንድሞቹ የእኔን መኪና አልነኩም፤ እነሱም ታመዋል። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ውሃው ምን እንደያዘ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ልጁን እዚያ ውስጥ ያስተኛሁትም እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቼን ፍሬን ለማዳን ብዬ የሌላውን ልጅ ጤና ዘነጋሁ። መድኃኒቱም ቢሆን የሚገድለው ያለውን ትል ነው፤ ልጁ ነገ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ከገባ እንደገና ይያዛል።

ወንዝ ውስጥ መኪና ማጠብ ሌላም ጣጣ አለው። ከመኪና ሆድ የሚወርደው ጭቃ ብቻ አይደለም፤ ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍታ ይወርዳል። ርብም ጉማራም ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚገቡ ናቸው፤ ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። እኛ ላይ የታጠበው ታች ላለው መጠጥ ነው። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው እነሱም ጋ ያው እንደሆነ ነገረኝ። የእነሱ ጨው ከቀለጠ በኋላ የሚገባው ሐይቅና ወንዝ ውስጥ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚበክል ለሕዝቡ ያስተምራሉ፤ አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣቱም ቀላል አይደለም። እጥበት እድፉን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለ እጥበትና ስለ ቢልሃርዚያ ከተነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዐድዋ ውስጥ ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያወቁት ከዚያ ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ጋቢና ኩታ ሲያነጡበት የኖሩት ተክል ለዓለም ሳይንስ በቃ፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ታዲያ ይህን ሰምታችሁ እንዶድ ወስዳችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉ፤ ዓሣም ይገድላል። እኔ የምወድለት ሌላውን ነገር ነው፤ እሳቸው ሌላው ሰው በየቀኑ እያየ የሚያልፈውን ልብስ ማጠቢያ ቆም ብለው አዩት። እኔ ግን ዋርካ ሥር ተቀምጬ፣ እያየሁ አላየሁም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናችንን እንዴት እንጠብ? በየዓመቱ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መኪናው ይቀዝቅዝ። ከመንገድ እንደ ተመለሰ በጋለ ፍሬን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ብረቱን ያጣምመዋል። ከዚያ ከሥር ጀምሩ፤ ጣሪያው መጨረሻ ይደርሳል። ፓራፋንጎው ውስጥ እጃችሁን ሰዳችሁ ጠርዙን ዳስሱት፤ ጭቃው ተደብቆ የሚከርመው እዚያ ነው። የደረቀውን በእንጨት እንጂ በብረት አትፋቁት፤ ቀለሙን ትልጡታላችሁ። በውሃ አርሱት፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ እጠቡት። የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ ተመልከቱ፤ የገባው ዝናብ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በጭቃ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ የክብሪት እንጨት ይበቃቸዋል። ከፊት መስታወቱ ሥር የተጠራቀመውን የባሕር ዛፍ ቅጠልም ልቀሙት። ሞተሩ ላይ ግን በኃይል ውሃ አትርጩ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለበት። ለማስዋብ ብለው ከሥር ናፍታና የተቃጠለ ዘይት የሚረጩ አሉ፤ ጎማ ነክ የሆነውን ዕቃ ሁሉ ያበላሻል፤ እምቢ በሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ፤ በዚህ የተጎዳ ሰው ተቀብዬ አውቃለሁ። ስትጨርሱ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉት፤ ውሃው ይደርቃል። የእጅ ፍሬኑንም ሞክሩ። ከዚያ ጭቃው የሌለበትን ሆዷን ለመካኒክ አሳዩ፤ ቧንቧው ታጥቦ ካልታየ ማንም አያየውም።

ሁለተኛ፣ ውሃውን ወደ መኪናው አምጡት እንጂ መኪናውን ወደ ውሃው አትውሰዱት። የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይሻላል። የወንዝ ውሃ ብቻ ካላችሁ ቀንድ አውጣ ሳይገባበት በበርሜል ቀድታችሁ ሁለት ቀን አቆዩት፤ እጩ ከዚያ በላይ አይኖርም። የሚቀዳውም ሰው ቦት ጫማ ያድርግ። ከወንዝ ራቁ፤ ውሃው መሬት ላይ ይስረግ። ልጆቻችሁ ቆላ ወርደው ወንዝ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ቆይታችሁ አስመርምሯቸው።

“ታዲያ እነዚያ ልጆች ምን ይብሉ?” የምትሉኝ አላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደብተርና ጫማ የሚገዙት በዚያ ብር ነው፤ “አትግቡ” ብሎ መሄድ ለእኔ ይቀላል፣ ለእነሱ አይቀልም። መልሱ ያለው የምንከፍለው እኛ ጋ ነው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ለሚያጥብ የምንከፍለውን ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ለሚያጥብ ጨምረን ብንከፍል ማንም ልጅ ወንዝ አይገባም።

ያ ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወረታ ላይ ከጉድጓድ ውሃ እየሳቡ መኪና ያጥባሉ። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ነበር። የላስቲክ ቦት ጫማውን አድርጎ መጣና “ሲስተር፣ ከላይ ብቻ ነው ወይስ ከነሆዷ?” አለኝ።

“ከነሆዷ” አልኩት።

ከወንዙ ሦስት እጥፍ ያስከፍለኛል። ከፍዬ፣ መርቄው፣ ቁልቁለቱን የወረድኩበትን መንገድ ሽቅብ ተመለስኩ።

ቸር ይግጠመን።